የመጨረሻ ዓመት የጥርስ ህክምና ተማሪዎችን የአፍና መንጋጋ ቀዶ ህክምና ማስተማር፦ ከምን እንጀምር? የት ላይ እናስቁማቸው?

አዲስ_አሠልጣኝ፦

ሰላም ለሁላችሁ። የመጨረሻ ዓመት ተማሪዎችን በአፍና መንጋጋ ቀዶ ህክምና ክፍል ለምታሠለጥኑ የቀረበ ጥያቄ ነው።

ሁኔታው እንዲህ ነው። በአንድ ዙር ስድስት ተማሪ ለስምንት ሳምንት ይመጣል። ሦስት ወንበር፣ ሁለት አሠልጣኝ አለ። ፋንተም ሄድ (የመለማመጃ ሰው ሠራሽ ራስ) የለም። ማደንዘዣው አንዳንዴ ካርትሪጅ (መጠኑ ተለክቶ የታሸገ ቱቦ) ነው፤ ብዙ ጊዜ ግን በቫይል (በጠርሙስ) የሚመጣ 2 በመቶ ሊዶኬይን። ሎግቡኩ (የተማሪው የሥራ መዝገብ) የሚቆጥረው የተነቀለ ጥርስ ብቻ ስለሆነ ሁሉም ቁጥር አሳዳጅ ሆኗል። ጥርሳቸው የተነቃነቀ አዛውንት ሲመጡ ሦስት ተማሪ ይሻማል፤ ፊቱ ያበጠ ወይም መንጋጋው የተሰበረ ሲመጣ ግን ወንበሩ አጠገብ ማንም የለም።

ምክር የምፈልግባቸው ነገሮች፦ የታችኛው መንጋጋ ማደንዘዣ ለምን ደጋግሞ ይከሽፍባቸዋል? በሽተኛ ከመንካታቸው በፊት በምን ይለማመዱ? ሥር ሲሰበር ለአንድ ሰዓት የሚቆፍሩትን በምን ላስቁም? ደግሞም ተመርቀው ስፔሻሊስት የሌለበት ሆስፒታል ሲመደቡ ብቻቸውን ምን መሥራት፣ ምን አለመንካት አለባቸው?

ክራንቻ፦

ከብሎኩ፣ ማለትም ከታችኛው መንጋጋ ነርቭ ማደንዘዣ፣ ልጀምር። ማደንዘዣ ያልያዘለት በሽተኛ ላይ ምንም ማስተማር አይቻልም፤ ተማሪው ይቸኩላል፣ በሽተኛው ይወራጫል፣ ሥር ይሰበራል።

ብሎክ የሚከሽፈው በአብዛኛው መርፌው ዝቅ ብሎ ስለገባ ወይም ጫፉ ወደ ፊት ስለቀረ ነው። ስለዚህ «እዚህ ውጋ» ብላችሁ አታሳዩ፤ ቦታውን ተማሪው ራሱ በአፉ እየተናገረ ያግኝ። በቅደም ተከተል፦ በሽተኛው አፉን ሙሉ ይክፈት። የግራ አውራ ጣት በራመሱ (ወደ ላይ በሚወጣው የመንጋጋው የኋላ ክፍል) የፊት ጠርዝ ላይ ወርዶ በጣም የሰረጎደውን ቦታ፣ ኮሮኖይድ ኖችን፣ ይያዝ። መርፌው የሚገባው በጣቱና በቴሪጎማንዲቡላር ራፌ (ከኋላ ጥርሶች ጀርባ በሚታየው ቁልቁል እጥፋት) መካከል፣ ከታችኛው መንጋጋ ጥርሶች ማኘኪያ ገጽ ከ6 እስከ 10 ሚሊ ሜትር ከፍ ብሎ ነው። የሲሪንጁ አካል በተቃራኒው በኩል ባሉት ፕሪሞላሮች (ከክራንቻ ቀጥሎ ባሉት ሁለት ጥርሶች) ላይ ይረፍ። ከ20 እስከ 25 ሚሊ ሜትር ገብቶ አጥንት መንካት አለበት። ሲነካ 1 ሚሊ ሜትር ወደ ኋላ፣ አስፒሬት (ደም መግባቱን ለማየት ሲሪንጁን መሳብ)፣ ከዚያ 1.5 ሚሊ ሊትር በአንድ ደቂቃ ውስጥ በዝግታ። መርፌው ሲወጣ ግማሽ መንገድ ላይ የተረፈው ለምላስ ነርቭ ይሰጣል።

ለተማሪ ዋናው እውቀት ግን አጥንቱ ባልተጠበቀበት ቦታ ሲገኝ ምን ማለት እንደሆነ ማወቁ ነው። መርፌው ግማሹ እንኳ ሳይገባ አጥንት ከነካ ጫፉ ወደ ፊት ቀርቷል፤ ትንሽ ስቦ የሲሪንጁን አካል ወደ ተቃራኒው ክራንቻ አቅጣጫ ያምጣና እንደገና ይግባ። ጭራሽ አጥንት ካልተገኘ ደግሞ ጫፉ ወደ ኋላ አልፏል፤ ስቦ አካሉን ወደ ተቃራኒው ሞላሮች (ትልልቆቹ የኋላ ጥርሶች) ይውሰድ። አጥንት ሳይነካ መድኃኒት መግፋት ፈጽሞ አይፈቀድ። መድኃኒቱ ፓሮቲድ ዕጢ (ከጆሮ ፊት ያለው የምራቅ ዕጢ) ውስጥ ከገባ የፊት ነርቭ ይደነዝዛል፤ በሽተኛው ዓይኑን መክደን ያቅተዋል፣ አፉም ወደ አንድ ጎን ይጣመማል። ለሰዓታት ብቻ የሚቆይ ነው፤ ቢሆንም ዓይኑን መሸፈንና ማረጋጋት ግዴታ ነው።

በቫይል ለምትሠሩ ሁለት ማስጠንቀቂያ አለኝ። 25 ሚሊ ሜትር ርዝመት ያለው ተራ መርፌ አዋቂ ላይ እስከ መያዣው ካልተቀበረ አይደርስም፤ መርፌ የሚሰበረው ደግሞ መያዣው ላይ ነው። ከ32 እስከ 35 ሚሊ ሜትር የሆነ 27 ጌጅ ተጠቀሙ፤ ሁልጊዜ ጥቂት ሚሊ ሜትር ከድድ ውጭ ይታይ። ሁለተኛው ሒሳብ ነው። ካርትሪጅ 1.8 ሚሊ ሊትር ላይ ያስቆማል፤ ቫይል ግን አያስቆምም። 2 በመቶ ማለት በ1 ሚሊ ሊትር 20 ሚሊ ግራም ነው። ለማስተማሪያ አንድ ጥብቅ ቁጥር ያዙ፦ 4.4 ሚሊ ግራም በኪሎ፣ ጣሪያው 300 ሚሊ ግራም። 50 ኪሎ ሰው 220 ሚሊ ግራም፣ ማለትም 11 ሚሊ ሊትር። 15 ኪሎ ልጅ 66 ሚሊ ግራም፣ ማለትም 3.3 ሚሊ ሊትር፤ ይህ ሁለት ካርትሪጅ እንኳ አይሞላም። ተማሪው ሲሪንጁን ከመሙላቱ በፊት ይህን ሒሳብ ካርዱ ላይ ይጻፍ። ካልጻፈ አይወጋም።

ከንፈር ደንዝዞ ጥርሱ ዙሪያ የሚሰማ ከሆነ የጉንጭ በኩሉን ድድ የሚይዘው ሎንግ በካል ነርቭ ተረስቷል፤ 0.3 ሚሊ ሊትር ይበቃዋል። መግል ባለበት ቦታ ደግሞ የሕብረ ሕዋሱ አሲድነት ስለሚጨምር ሊዶኬይን ወደ ነርቩ የሚገባው መጠን ይቀንሳል፤ እባጩ ውስጥ ደጋግሞ መውጋት ኢንፌክሽኑን ማሰራጨት ነው። ከእባጩ ራቅ ብሎ ብሎክ ይሰጥ።

የበግ_ራስ፦

ስለ ልምምዱ እኔ ልጨምር። ፋንተም ሄድ የለም ብሎ መቆም አያስፈልግም፤ ልኳንዳ ቤት አለ።

የበግ ራስ ለፍላፕ (ድድን ቆርጦ ከአጥንት ለማንሳት)፣ አጥንት ለመቦርቦር፣ ጥርስ ለመሰንጠቅና ለስፌት እጅግ ጥሩ ነው። ፎርሴፕስ (የጥርስ መንቀያ ጉጠት) ለመለማመድ ግን አይሆንም፤ እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። በግ የላይኛው ፊት ለፊት ጥርስ የለውም። የኋላ ጥርሶቹ ደግሞ በጣም ረጅም ሆነው አጥንት ውስጥ ስለተቀበሩ በፎርሴፕስ አይነቃነቁም፤ ተማሪው ጉልበት መጠቀምን ይማርባቸዋል፤ ልናስተወው የምንፈልገውም እሱን ነው።

ለፎርሴፕስና ለኤሌቬተር (የጥርስ ማላቀቂያ) የተነቀሉ የሰው ጥርሶችን ሰብስቡ። ሥሩን በቀጭን ሰም ልበጡትና ጂፕሰም ከሰጋቱራ ጋር ደባልቃችሁ ትከሉት። ሰሙ የጥርስና የአጥንት መካከለኛውን ጅማት ይተካል፤ ጥርሱ ሲላቀቅ በእጅ የሚሰማው «መስጠት» ከሞላ ጎደል ይመስላል። ጥርሶቹ አስቀድመው በ10 በመቶ ፎርማሊን ሁለት ሳምንት ይቆዩ፣ ወይም 40 ደቂቃ አውቶክሌቭ ይደረጉ። አማልጋም ያለበት ጥርስ ግን አውቶክሌቭ አይገባም፤ የሜርኩሪ ትነት ይወጣል።

የበግ ራስ ግዢ ከጾም ጋር ይጋጫል፤ ቀልድ አይደለም። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው፤ ዙሩ በዚያ ላይ ከወደቀ ቅበላ ሰሞን ገዝታችሁ ፍሪዘር ውስጥ አስቀምጡ። ከልምምዱ አንድ ቀን በፊት ወደ ፍሪጅ ይውረድ፤ በልምምድ ጊዜም ድዱ እንዳይደርቅ በጨው ውኃ የራሰ ጎዝ ይልበስ።

በበጉ ራስ ላይ የሚሠራው፦ በ15 ቁጥር ምላጭ፣ እንደ እስክሪብቶ ተይዞ፣ አንድ ጊዜ እስከ አጥንት የሚደርስ መቁረጥ። መጋዝ እንደሚጎትት ሰው ተመላልሶ የቆረጠ ፍላፑን ይቦጭቀዋል። የፔሪኦስቲያል ኤሌቬተሩ (ድድን ከአጥንት የሚያላቅቀው መሣሪያ) ጎድጓዳ ጎን ወደ አጥንት ይዙር። የፍላፑ መሠረት ከጫፉ ይስፋ፤ ካልሆነ ጫፉ ደም አጥቶ ይሞታል። ሰው ላይ ሲሆን የቁልቁል መቁረጫው በታችኛው ፕሪሞላሮች አካባቢ አይወርድም፤ የከንፈርና የአገጭ ስሜት ነርቭ (ሜንታል ነርቭ) እዚያ ይወጣል።

የታችኛውን ሞላር ሲሰነጥቁ ቡሩ (የመቦርቦሪያው ጫፍ) ከጉንጭ በኩል ከሥሮቹ መገናኛ ጀምሮ ወደ ምላስ በኩል ይሂድ፤ ሙሉ በሙሉ ግን አይሻገር። የመጨረሻው ቀጭን ግድግዳ በኤሌቬተር ተጠምዝዞ ይሰበራል። ያ ግድግዳ የምላስ ነርቭ ጠባቂ ነው። ረዳቱ በ50 ሚሊ ሊትር ሲሪንጅ ጨው ውኃ ሳያቋርጥ ያፍስስ። እባካችሁ፣ ጥርስ ለመሙላት የሚያገለግለውን የአየር ተርባይን ለአጥንት አታስነኩ። ነፋሱ ፍላፑ ሥር ገብቶ ፊትና አንገት በቅጽበት ያብጣል፤ ሲነካ እንደ በረዶ ይንኮሻኮሻል። ለአጥንት የሚሆነው መቦርቦሪያ (ሃንድፒስ) አንድ ብቻ ከሆነ ተራ ይጠበቅ።

ለማሳያው አራቱን የፔይተን እርከኖች ተከተሉ፦ አሠልጣኙ በዝምታ ይሠራል፤ ቀጥሎ እያብራራ ይሠራል፤ ቀጥሎ ተማሪው እየተናገረ አሠልጣኙ ይሠራል፤ በመጨረሻ ተማሪው እየተናገረ ራሱ ይሠራል። ሦስተኛው እርከን ነው ሁሌ የሚዘለለው፤ የተማሪው ስህተት ማንንም ሳይጎዳ የሚገለጠው ግን እዚያ ነው።

ወንበር_ሦስት፦

ክራንቻም የበግ ራስም ያሉት ልክ ነው። የሥሩን ነገር እኔ ልያዘው።

ሥር የሚሰበረው ሲነቀል ሳይሆን ከመነቀሉ በፊት ነው ማለት ይቻላል። ተማሪው ኤክስሬይ ሳያይ ጀምሯል፤ ወይም ወንበሩ ከፍ ብሎ ክንዱ ተንጠልጥሏል፤ ወይም ፎርሴፕሱ አክሊሉን ይዟል። ለላይኛው ጥርስ በሽተኛው ተንጋልሎ የላይኛው ማኘኪያ ገጽ ከወለሉ ጋር ወደ 60 ዲግሪ ይሁን፤ ለታችኛው ቀና ብሎ አፉ ሲከፈት የታችኛው ገጽ ከወለሉ ጋር ትይዩ፣ ወንበሩም ዝቅ ይበል። አፉ በተማሪው ክርን ከፍታ ወይም ትንሽ ዝቅ ብሎ ይገኝ።

ከዚያ የመጀመሪያው እንቅስቃሴ መጎተት አይደለም፤ ወደ ሥሩ ጫፍ መግፋት ነው። የፎርሴፕሱ ምላስ ከድድ በታች ገብቶ ሥሩን ሲይዝ የመዞሪያው ነጥብ ወደ ሥሩ ጫፍ ይጠጋል፤ አጥንቱ ይሰፋል፣ ሥሩ አይቀነጠስም። ቀጥሎ ጥርሱ በተፈጠረበት አቅጣጫ፦ የላይኛው መሐል ጥርስ ሥሩ ሾጣጣ ስለሆነ ይሽከረከራል። የላይኛው አንደኛ ፕሪሞላር ብዙ ጊዜ ሁለት ቀጫጭን ሥር ስላለው ፈጽሞ አይሽከረከርም። የላይኛው ሞላር ወደ ጉንጭና ወደ ላንቃ ይወዛወዛል፤ ጉልበቱ ወደ ጉንጭ ይበልጣል። እያንዳንዱ ግፊት ጥቂት ሰከንድ ይቆይ፤ አጥንት የሚሰፋው በጊዜ ነው እንጂ በመነቅነቅ አይደለም።

የግራ እጅ ሥራ አትርሱ። ተማሪዎች የግራ እጃቸውን ጉንጭ መግለጫ ብቻ ያደርጉታል። አጥንቱን ከሁለት በኩል በጣትና በአውራ ጣት መያዝ አለበት፤ አጥንቱ ሲሰፋም ሊሰበር ሲልም አስቀድሞ የሚያውቀው ያ እጅ ነው። ለታችኛው ጥርስ ደግሞ መንጋጋውን ከሥር ደግፎ መገጣጠሚያው እንዳይወልቅ ይጠብቃል። ኤሌቬተር ሲያዝ አመልካች ጣት እስከ ጫፉ ጠጋ ብሎ ይዘርጋ፤ ካመለጠ ላንቃ ወይም የአፍ ወለል ይበሳል። ማረፊያው አጥንት እንጂ ጎረቤት ጥርስ አይደለም፤ ጎረቤቱም አብሮ የሚወጣ ካልሆነ በቀር።

የማስቆሚያ ደንብ ጠይቀሃል። አንድ ቀላል ነገር፦ በትክክለኛ አያያዝ አምስት ደቂቃ ተሠርቶ ጥርሱ ካልተነቃነቀ እጅ ይወጣል፣ ኤክስሬዩ እንደገና ይታያል፣ ዕቅዱ ወደ ፍላፕና መሰንጠቅ ይለወጣል። «ትንሽ ልሞክር» የሚባል ነገር የለም። ሥር ከተሰበረ ደግሞ ሦስት ጥያቄ፦ ቁራጩ ከ4 እስከ 5 ሚሊ ሜትር አይበልጥም ወይ? በአጥንት ውስጥ የተቀበረና ያልላላ ነው ወይ? ኢንፌክሽን የለበትም ወይ? ሦስቱም አዎ ከሆነ፣ ማውጣቱም ሳይነስን (ከላይኛው የኋላ ጥርሶች በላይ ያለውን የአየር ክፍተት) ወይም ነርቭን የሚያሰጋ ከሆነ፣ ይተዋል። ሲተው ግን ለበሽተኛው ይነገራል፣ ኤክስሬይ ይነሳል፣ ካርዱ ላይ ይጻፋል፣ ቀጠሮ ይሰጣል። መደበቅ ነው ወንጀሉ። ኢንፌክሽን ያለበት ወይም የላላ ቁራጭ ግን አይተውም።

የላይኛው ሞላር ሲነቀል ሁለት ነገር ይከሰታል። አንደኛው ቲዩበሮሲቲው (ከላይኛው የመጨረሻ ሞላር ጀርባ ያለው አጥንት) ከጥርሱ ጋር መንቀሳቀሱ ነው፦ ፎርሴፕሱ ይቀመጥ። አጥንቱ ከድዱ ጋር ተያይዞ ካለ ጥርሱ ከጎረቤቱ ጋር ታስሮ ከ6 እስከ 8 ሳምንት እስኪጠግን ይጠበቃል፤ ከዚያ በፍላፕ ይወጣል። ሁለተኛው ሳይነስ መከፈቱ ነው። ከ2 ሚሊ ሜትር በታች ከሆነ የደም ጓሉ ራሱ ይዘጋዋል፤ ከ2 እስከ 6 ከሆነ ጉድጓዱ ላይ ስምንት ቁጥር ስፌት፤ 7 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ፍላፕ ያስፈልገዋልና ለስፔሻሊስት ይተላለፍ። ለማረጋገጥ ብሎ መሣሪያ መክተት ያልነበረውን ቀዳዳ ይፈጥራል። በሽተኛው ለሁለት ሳምንት አይናፈጥ፣ ካስነጠሰው አፉን ከፍቶ ያስነጥስ፣ በስትሮው አይጠጣ፣ አያጭስ።

አዲስ_አሠልጣኝ፦

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፤ ለነገ የሚሆን አለኝ። አንድ ነገር ግን ቀረ። በሽተኛው ነቅቶ እየሰማ ተማሪን እንዴት ማረም ይቻላል? «አቁም!» ሲባል በሽተኛው ይደነግጣል፤ ዝም ሲባል ተማሪው ይቀጥላል። በሽተኛውም «ደነዘዘ?» ሲባል ሁልጊዜ «አዎ» ነው መልሱ፤ ከዚያ ሲነካ ይጮኻል።

ሁለቱ_ከንፈር፦

የሁለተኛው መፍትሔ ጥያቄውን መቀየር ነው። ሰው ለሐኪም «አልደነዘዘም» ማለት ያፍራል፤ ያስቸገረ ይመስለዋል። «ደነዘዘ?» አይባል። «የከንፈርዎ ግራና ቀኝ አንድ ነው ወይስ ይለያያል?» ይባል። «ይለያያል፣ ይሄኛው ወፍሯል» ካሉ አንድ ምልክት ተገኘ። ምላሱም እንደዚሁ ይጠየቅ። ቀጥሎ በፕሮብ በጉንጭም በምላስም በኩል ድዱ ይነካ፤ ዓይናቸው ይታይ፣ አፋቸው አይሰማ። ከዚያ ከመጀመሩ በፊት፦ «መግፋትና መጫን ይሰማዎታል፣ ድምፅም ይሰማሉ፤ ማደንዘዣው እሱን አያጠፋም። እንደ መርፌ የሚወጋ ካለ ግራ እጅዎን ያንሱ፤ ወዲያው አቆማለሁ።» እጁ ሲነሳ በእውነት መቆም አለበት። አንድ ጊዜ ካላቆመ ሁሉም ነገር አበቃ።

ለመጀመሪያው አስቀድሞ የተስማማችሁበት ሐረግ ይኑር። «ጎዝ ስጠኝ» ማለት መሣሪያውን አውጥተህ ጎዝ አስነክስ ማለት ይሁን። «ብርሃኑን አስተካክል» ማለት ቦታህን ቀይር ይሁን። ጠዋት በሽተኛ ከመግባቱ በፊት ለሁሉም ይነገር። ወንበሩ አጠገብ በእንግሊዝኛ መገሠጽ ግን አይጠቅምም፤ በሽተኛው ቃሉን ባይረዳ ድምፁን ይረዳል። ማብራሪያው በሽተኛው ከወጣ በኋላ ይምጣ።

ተማሪ እንደሚሠራ ለበሽተኛው መናገር ደግሞ የስምምነቱ አካል ነው። «አንተ ያልከው ይሁን ልጄ» የሚለው መልስ ስምምነት አይደለም። ምን እንደሚነቀል፣ ምን ሊበላሽ እንደሚችል፣ ባይነቀል ምን አማራጭ እንዳለ በሽተኛው በራሱ አፍ መልሶ ይናገር። የላይኛው ክራንቻ ሲነቀል ዓይን ይጠፋል የሚል ፍርሃትም አለ፤ በመሳቅ አይታለፍ፤ የዓይን ነርቭ በሌላ መንገድ እንደሚሄድ በሁለት ዓረፍተ ነገር ይመለስ።

ሲወጡ የሚሰጠውም ምክር እንደ ሀገሩ ይሁን፦ ጎዙን 30 ደቂቃ ሳይከፍቱ መንከስ፣ በዚያ ቀን አለመጉመጥመጥ፣ ትኩስ አለመጠጣት፣ አለማጨስ፣ ጫት አለመቃም፣ በአረቄ አለመጉመጥመጥ። ከማግሥቱ ለብ ባለ የጨው ውኃ። በሦስተኛው ቀን ወደ ጆሮ የሚወጣ ከባድ ሕመም ከመጣ ድራይ ሶኬት (የደም ጓሉ ጠፍቶ አጥንቱ የተጋለጠ ጉድጓድ) ሊሆን ይችላል፤ መፋቅ ወይም አንቲባዮቲክ አይደለም መድኃኒቱ። በጨው ውኃ ማጠብ፣ ዩጂኖል (ከቅርንፉድ የሚገኝ ማስታገሻ) ያለበት ማልበሻ፣ የሕመም ማስታገሻ።

ፈረቃ_ሌሊት፦

የመጨረሻውን ጥያቄ ማንም አልነካውም፤ ለእኔ ዋናው እሱ ነው። ብቻውን ሆስፒታል የሚመደብ ሐኪም የተቀበረ የመጨረሻ መንጋጋ ጥርስ ባያወጣ ማንም አይሞትም። የአንገት እብጠት ባያውቅ ግን ይሞታል።

የታችኛው ሞላር ኢንፌክሽን ከማይሎሃዮይድ (ከአፍ ወለል) ጡንቻ በታች ሲወርድ የአፍ ወለል ከሁለቱም ጎን ያብጣል፤ ሉድቪግስ አንጃይና ነው። ተማሪው በር ላይ ሆኖ ማየት ያለበት፦ ምራቁን መዋጥ አቅቶት የሚያዝረበርብ፣ ድምፁ ትኩስ ድንች የጎረሰ የሚመስል፣ ምላሱ ከፍ ያለ፣ አፉ ከ20 ሚሊ ሜትር በታች የሚከፈት፣ በጀርባው መተኛት የማይችል። እንዲህ ያለውን ሰው ወንበር ላይ ማንጋለል ብቻውን የአየር መንገዱን ሊዘጋ ይችላል። ተቀምጦ ይቆይ፣ ኦክሲጅን ይሰጠው፣ የደም ሥር ይከፈት፣ አንቲባዮቲክ ይጀመር፣ አንስቴዢያና ቀዶ ሐኪም ይጠራ። «አንቲባዮቲክ ወስደህ ሲጎድል ና» የሚለው ልማድ መነቀል አለበት፤ መግል ያለበት ቦታ መድኃኒት በደም በኩል በበቂ አይደርስም። የሚያድነው ማፍሰስና ምክንያት የሆነውን ጥርስ ማውጣት ነው። ያለ ምንም የአደጋ ምልክት የመጣ የጉንጭ እብጠት ላይ ተማሪው ራሱ ማፍሰስ ይማር፤ ይህ ከሃያ ላላ ጥርስ ይበልጣል።

ሌሎቹ ብቻቸውን መቻል ያለባቸው፦

ደም አለማቆም። መጀመሪያ በብርሃንና በሳክሽን ከየት እንደሚደማ ይታይ፤ ከድዱ ነው ወይስ ከአጥንቱ? አድሬናሊን ባለው ማደንዘዣ አደንዝዞ ድዱን መስፋት፣ ጉድጓዱን በጄልፎም (ደም በሚያቆም ስፖንጅ) መሙላት፣ በትራኔክሳሚክ አሲድ (የደም ጓል እንዳይሟሟ በሚያደርግ መድኃኒት) የራሰ ጎዝ 30 ደቂቃ ማስነከስ። ጎዝ በጎዝ ላይ መደርደር ሕክምና አይደለም። ዋርፋሪን (የደም ማቅጠኛ) የሚወስድ ሰው መድኃኒቱን በራስ ሥልጣን አይቋረጥበት፤ አይ ኤን አር (የደም መርጋት መለኪያ) በ24 ሰዓት ውስጥ ታይቶ እስከ 3.5 ከሆነ ቀላል ነቀላ በስፌትና በጄልፎም ይሠራል። «መድኃኒት ትወስዳለህ?» ሲባል አልወስድም የሚሉ ሰዎች «የደም ማቅጠኛ?» ሲባሉ አዎ ይላሉ።

የወለቀ መንጋጋ። አውራ ጣቶች በጎዝ ተጠቅልለው ከኋላ ጥርሶቹ ውጭ ባለው አጥንት ላይ፣ መጀመሪያ ወደ ታች፣ ከዚያ ወደ ኋላ። ቅደም ተከተሉን የገለበጠ ሰው በጉልበት ይታገላል። በሽተኛው ዝቅ ያለ ወንበር ላይ፣ ጭንቅላቱ ተደግፎ ይቀመጥ።

የወጣ ቋሚ ጥርስ። አክሊሉን ይዞ፣ ሥሩን ሳይፍቁ፣ በጨው ውኃ አለቅልቆ ወደ ቦታው መመለስ፤ ካልተቻለ ወተት ውስጥ። ከ60 ደቂቃ በኋላ የሥሩ ሕዋሳት የመዳን ዕድላቸው በጣም ይቀንሳል። የወተት ጥርስ ግን አይተከልም።

የመንጋጋ ስብራት። ሙሉ ሕክምናው የእነሱ አይደለም፤ ማሰሪያው ግን ነው። በ0.4 ሚሊ ሜትር ሽቦ የአይሌት (ባለ ቀለበት ሽቦ ጥርሶችን) ማሰር በጂፕሰም ሞዴል ላይ ይለማመዱ። ሽቦው አስቀድሞ ተለጥጦ ይዘጋጅ፣ ሁልጊዜ ወደ ሰዓት አዟዟር ይጠምዘዝ፤ ሌላ ሐኪም ሲፈታው አቅጣጫውን እንዳይገምት። አገጭ ላይ የተመታ ሰው ኮንዳይሉ (የመንጋጋው መገጣጠሚያ ራስ) እንዳልተሰበረ ሳይታይ አይሸኝ።

ሁለት ደግሞ ከእኛ ሀገር። «ግግ» ተብሎ የሕፃን ድድ ተቀዶ የጥርስ ቡቃያ የሚወጣበት ልማድ አሁንም አለ፤ የደማ ወይም ያተኮሰ ሕፃን ሲመጣ ይጠየቅ። የታችኛው የወተት ክራንቻ የሌለው ልጅ ላይም ያው። ሌላው ኖማ (የልጆችን አፍና ፊት የሚበላ ኢንፌክሽን) ነው፤ የዓለም ጤና ድርጅት በ2023 እንደ አውሮፓውያን መጨረሻ ላይ ችላ ከተባሉ የሐሩር ክልል በሽታዎች ዝርዝር አስገብቶታል። ምግብ ያነሰው፣ በቅርቡ ኩፍኝ የያዘው ትንሽ ልጅ ድዱ ቆስሎ፣ አፉ ሸትቶ፣ ጉንጩ ካበጠ በሰዓታት ውስጥ አሞክሲሲሊንና ሜትሮኒዳዞል ይጀመር፣ ይመገብ፣ ይተኛ። በዚህ ደረጃ ይቆማል፤ ጉንጩ ከጠቆረ በኋላ የሚቀረው ጠባሳ ነው።

አለመንካት ያለባቸው፦ ነርቩ ላይ ያረፈ የተቀበረ ጥርስ፣ አንገቱ ወይም ጭንቅላቱ ጨረር የተሰጠው ሰው፣ ለካንሰር ዞሌድሮኒክ አሲድ (የአጥንት መድኃኒት) የሚወስድ፣ የደም ግፊቱ ከ180 በ110 በላይ ሆኖ አስቸኳይ ያልሆነ ነቀላ፣ ምክንያቱ ያልታወቀ የላላ ጥርስና ከንፈር መደንዘዝ አንድ ላይ የመጣበት። የመጨረሻው ካንሰር ሊሆን ስለሚችል ጥርሱን መንቀል ምርመራውን ያዘገያል።

ወንበር_ሦስት፦

ፈረቃ ሌሊት ያለው ላይ አንድ ማረሚያ፦ የአፍ መከፈት 20 ሚሊ ሜትር በማስመሪያ ይለካ። «ሁለት ጣት» የሚለው በተማሪው ጣት ውፍረት ይለያያል፤ ነገና ከነገ ወዲያ ሌላ ተማሪ ሲለካ ማነጻጸር አይቻልም። ርካሽ የፕላስቲክ ማስመሪያ ተቆርጦ ትሪው ላይ ይቀመጥ።

ፈረቃ_ሌሊት፦

ትክክል። በጥርስ ጫፎች መካከል፣ በየስድስት ሰዓቱ፣ ካርዱ ላይ ከነሰዓቱ።

የበግ_ራስ፦

ስለ ሎግቡኩ፦ ቁጥሩን ማጥፋት አትችልም፤ የትምህርት ክፍሉ ይጠይቅሃል። ዓምድ ግን መጨመር ትችላለህ። ከ«የተነቀለ» ጎን «በማስደንዘዝ ብቻ»፣ «በረዳትነት»፣ «ያቆምኩበትና ምክንያቱ»፣ «የላክሁት» የሚሉ ይግቡ። የአሠልጣኙ ፊርማ የሚወርደው ተማሪው ኤክስሬዩን አንብቦ ሥር ቆጥሮ፣ ከነቀለ በኋላም የወጣውን ሥር በጎዝ ላይ ደርድሮ ቁጥሩ ሲገጥም ነው። በሁለተኛው ሳምንት ሁሉም አንድ ብሎክና አንድ የስፌት ምዘና በቼክሊስት ይውሰድ፤ ያልቻለው ተመልሶ ወደ በግ ራስ ልምምዱ ይሂድ፣ ያለ ቅጣት። በስድስተኛው ሳምንት አሠልጣኙ እጁን ኪሱ ውስጥ ከትቶ ይቁም።

«ያቆምኩበት» የሚለው ዓምድ ስምንት ሳምንት ሙሉ ባዶ ከሆነ የዚያን ተማሪ ካርዶች አውጥተህ አንድ በአንድ አንብባቸው።